ክረምቱ እስኪወጣ

የአዲስ አበባ የጭቃ ቤት ጠባዩ የሚታወቀው በክረምት ነው። በበጋ ሁሉም ቤት ቤት ይመስላል፤ ግድግዳው በኖራ ነጥቶ ይታያል፣ ቆርቆሮው ዝገቱን ከሩቅ አያሳብቅም፣ ደጁም ደረቅ ነው። ሐምሌ ሲገባ ግን በበጋው ፀሐይ ተሸሽጎ የከረመው ጉድለት ሁሉ አንድ በአንድ ይወጣል። ይህን የሚያውቅ ሻጭ በክረምት ገዥ ወደ ግቢው አያስገባም። መስከረም እስኪጠባ፣ ጭቃው እስኪጠነክር፣ አደይ አበባውም የአጥሩን ግርጌ እስኪሸፍን ይታገሣል። በእንጦጦ ግርጌ፣ ከሽሮ ሜዳ በታች የሚኖሩት ጡረተኛ መምህርም የ2015 ዓ.ም.ን ክረምት ያሳለፉት በዚሁ ሐሳብ ነበር፤ ቤታቸውን በጥቅምት ሊሸጡ።

ቤቱን ያሠሩት አባታቸው ነበሩ፤ ዘመኑም 1949 ዓ.ም. ነው። እንደ አብዛኛው የከተማው ቤት ሁሉ ከባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር፣ ከጭቃና ከጤፍ ጭድ ተሠራ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ይህ ዛፍ የእንጦጦን ራቁት ጀርባ ካለበሰ ወዲህ አዲስ አበባ ማገዶዋንም ቤቷንም ለእርሱ አደራ ሰጥታ ኖራለች። አባትየው ከዋናው ቤት ጀርባ ሁለት ክፍል ሰርቪስ አሠርተው ያከራዩ ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ፣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤትና እስከ 500 ካሬ ሜትር የሚደርስ ቦታ ፈቀደ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ትርፍ ቤቶች አስተዳደርም ለቀበሌ ተሰጠ። ዋናው ቤት የአባትየው እንደሆነ ሲቀር ሰርቪሱ የቀበሌ ቤት ሆነ። አጥሩ ግን አንድ፣ በሩም አንድ፣ የውሃ ቆጣሪውም አንድ ሆኖ ቀረ። ቤቶቹ በወረቀት ላይ ለሁለት ባለቤት ሲለያዩ መተላለፊያውን የለየ አልነበረም። በከተማው የቆዩ ሰፈሮች እንዲህ በአንድ በር የሚገቡ ሁለት ዓይነት ይዞታዎች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ነዋሪዎቹም ጉዳዩን በሕግ ሳይሆን በጉርብትና ሲያስተዳድሩት ኖረዋል።

በሰርቪሱ ውስጥ ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ የሚኖሩት አንዲት ፈታይ ናቸው። ጥጡን እያፀዱ፣ እየባዘቱና እየፈተሉ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ድርና ማግ ያቀርቡ ነበር፤ ዛሬ ዓይናቸው ስለ ደከመ እንዝርቱን የሚያነሡት ለልማድ ያህል ነው። መምህሩ «እትዬ» ይሏቸዋል፤ እርሳቸው ደግሞ መምህሩን፣ ዕድሜው ሰባን የተሻገረውን ሰው፣ ዛሬም «ልጄ» ይላሉ።

መምህሩ ቤቱን የሚሸጡት ወደው አልነበረም። እናታቸው በ2013 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ቤቱ የሦስት ወራሾች ሆነ፤ የመምህሩ፣ አሜሪካ የምትኖረው እኅታቸውና የታናሽ ወንድማቸው። ታናሹ ወንድም ኩላሊቱ ሥራውን ካቆመ ዓመት አልፎት ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ከመኪናው አጠገብ ለአራት ሰዓት ተጋድሞ ደሙ ይታጠባል፤ ለእያንዳንዱም ቀን ይከፈላል። ከዘመድ የተዋጣው አልቋል፤ እኅትየዋ የምትልከውም ከወር ወር አያደርስም። ሦስቱ ወራሾች በግንቦት ወር በስልክ ተነጋግረው ለመሸጥ ሲስማሙ፣ ሕመምተኛው ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ጋሼ፣ አይዘግይ እንጂ።»

ነገር ግን መዘግየቱ የግድ ሆነ። ደላላው መጥቶ ግቢውን ከተመለከተ በኋላ፣ ውሃ ባዘለ ግድግዳ ገዥ ማምጣት ዋጋን በእጅ መጣል መሆኑን በግልጽ ተናገረ። የወረቀቱም ጉዳይ ከዝናቡ አይሻልም ነበር። ካርታው ገና በአባትየው ስም ነው፤ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት መውጣት አለበት፤ መደበኛ ችሎቶች ደግሞ በነሐሴና በመስከረም ለዕረፍት ይዘጋሉ። የእኅትየው ውክልና በኤምባሲ በኩል ተረጋግጦ እስኪመጣ ድረስም ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ መምህሩ በሰኔና በሐምሌ ዝናቡን በጃንጥላ እየከለሉ ከፍርድ ቤት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ ሲመላለሱ ሰነበቱ። ለሠላሳ አራት ዓመታት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸውና፣ የገዛ ከተማቸውን ቁልቁለትና ዳገት በዚያ ክረምት እንደ አዲስ ተማሩት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በክረምት ቤት ውስጥ መኖር ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የጭቃ ቤት ቅዝቃዜ ከአየሩ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ከወለሉና ከግድግዳው እርጥበት የሚነሣ ነው። በአዲስ አበባ ሌሊቱ ይበልጥ የሚበርደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ሰው ግን የሚንቀጠቀጠው በሐምሌ ነው፤ ምክንያቱም በኅዳር ረፋድ ላይ ፀሐይ ወጥታ የሌሊቱን ብርድ ትክሳለች፣ በሐምሌ ግን ቀኑም እንደ ሌሊቱ ፊቱን አጥቁሮ ይውላል። የታጠበ ልብስ በሦስተኛው ቀን እንኳ አይደርቅም። ጨው ማሰሮው ውስጥ ይረጥባል። እንጀራው በአራተኛው ቀን ይሻግታል፤ ስለዚህ ባለቤታቸው ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ቶሎ ቶሎ ይጋግራሉ። የከሰል ማንደጃው ከማዕድ ቤት ወደ ሳሎን ይዛወራል፤ ወይዘሮዋ ግን ከሰሉ አመድ እስኪለብስ ድረስ ደጅ ሳያቆዩ፣ መስኮቱንም ገርበብ ሳያደርጉ አያስገቡትም፤ በከሰል ጭስ ተኝተው ሳይነሡ የቀሩ ጎረቤቶችን ያስታውሳሉና። ከዚያ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጉልበታቸውን ወደ እሳቱ ያስጠጋሉ። ይህ ጉልበት የበሩን ዳገት መውጣት ካቃተው ሁለት ዓመቱ ነበር።

መምህሩ ደግሞ ከመጻሕፍቶቻቸው ጋር ይታገላሉ። ሰኔ ሲብት መደርደሪያውን ከምሥራቁ ግድግዳ አንድ ክንድ ያህል ያርቁታል፤ አለዚያ ሻጋታው ከግድግዳው ወደ መጻሕፍቱ ጀርባ ይሻገራል። ማታ ማታ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ራዲዮኑ አይሰማም፤ ባልና ሚስትም ንግግራቸውን አቋርጠው እስኪያልፍ ድረስ ይጠብቃሉ። የቆርቆሮ ቤት ልጆች ሁሉ ይህን ዝምታ ያውቁታል። ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ደግሞ ከኮርኒሱ ወደ ሳፋው የሚወርደው ጠብታ ብቻውን ይቀራል።

ስለዚህ ጠብታ መምህሩ አንድ ደብተር ነበራቸው። ከ1983 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ቤቱ የት የት እንዳፈሰሰ፣ በየትኛው ቀን፣ ምን ዓይነት ዝናብ እንደ ነበረ፣ ምን እንደ ተደረገለት ጽፈውበታል። «ሐምሌ 22፣ ከነፋስ ጋር፣ የሰሜን ምሥራቅ ማዕዘን፣ ከጫፉ ሦስተኛዋ ሚስማር፣ ሬንጅ ተደረገ።» በሌላው ዓመት፣ «እዚያው።» በሌላውም፣ «እዚያው።» ያ ማዕዘን አሸንዳው የሚደፋበት ስለሆነ ከላይ በሚስማሩ ቀዳዳ፣ ከታች ደግሞ በመሠረቱ ድንጋይ በኩል ውሃ ይጠጣል፤ ውስጡ ያለው ቋሚም በምስጥ ተበልቷል። ግድግዳው እዚያ ላይ ወደ ውጭ ማበጥ ከጀመረ ቆይቷል። በበጋ ግን ምርጊት ተመርጎበት ኖራ ሲቀባ ልዩ ዓይን ከሌለ በቀር አይታይም።

ነሐሴ ውስጥ ቡሄ አልፎ ዝናቡ መቆራረጥ ሲጀምር የጭቃው ጉድጓድ ተቆፈረ። ይህ ሥራ ችኮላን አይወድም። አፈሩ ተነፍቶ፣ ጭዱ ተበትኖበት፣ ውሃ ጠጥቶ በእግር ይረገጣል፤ ከዚያም ተሸፍኖ ይቦካል፤ ሽታው ሲለወጥና ጭዱ ሲልም እንደገና ይረገጣል። ያልቦካ ጭቃ ግድግዳ ላይ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሳያባራ የተመረገም ሌሊቱን ተንሸራትቶ ይወርዳል። የሰፈሩ አናጢ፣ አባቱም አናጢ የነበረ ሰው፣ በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ማዕዘኑን ሊመርግ መጥቶ ግድግዳውን በመዶሻው እጀታ ካንኳኳ በኋላ፣

«ጋሼ፣ ይኼ ቋሚ የለውም። ልመርግልዎ እችላለሁ፤ ግን የምመርገው ባዶ ነገር ላይ ነው» አላቸው።

«ቋሚው ቢለወጥስ?»

«ለሚሸጥ ቤት?» ብሎ አናጢው ሳቀ።

መምህሩ ግን አልሳቁም። ደላላው በዚያው ሳምንት መጥቶ የነበረውን ንግግር አስታወሱ። ደላላው ማዕዘኑ በወፍራሙ እንዲለሰን፣ ቁም ሣጥን እንዲቆምበት፣ ገዥም ቢጠይቅ «አርጅቷል እንጂ ጤነኛ ነው» እንዲባል መክሯል። ምክሩ የደላላ ምክር ነውና በራሱ አያስደንቅም። የሚያስደንቀው መምህሩ ለሁለት ሌሊት ያህል በነገሩ ማሰባቸው ነበር። የወንድማቸው የሳምንት ሦስት ቀን በአንድ በኩል፣ የገዛ ደብተራቸው በሌላ በኩል ሆኖ ሲመዝኑ አድረው፣ በሦስተኛው ቀን ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚ ገዝተው አናጢውን አስጠሩት። ወጪው ከጡረታ አበላቸው ወጣ። ባለቤታቸው ይህን ሲሰሙ ምንም አላሉም፤ ለአናጢው ግን ቡና አፈሉለት።

እዚህ ላይ ስለ ወቅቱ ስም ትንሽ ማለት ያስፈልጋል፤ መምህሩ ራሳቸው ስለዚህ ጉዳይ ከተማሪዎቻቸው ጋር ብዙ ጊዜ ተከራክረዋልና። ብዙው ሰው ከመስከረም ወዲህ ያለውን የአበባ ወቅት ፀደይ ይለዋል። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ግን ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ሲሆን፣ ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ነው፤ ፀደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 ጀምሮ የሚመጣው፣ ሌላው ዓለምም ፀደይ ከሚለው ጊዜ ጋር የሚቀራረበው ወቅት ነው። የአበባ ወር ሲባል የአውሮፓ የመማሪያ መጽሐፍ ፀደይ ስለሚል፣ የእኛም አበባ በመስከረም ስለሚፈነዳ፣ ስሙ ወቅቱን ለቅቆ አበባውን ተከተለ። መምህሩ ሁለተኛውን አጠራር ስሕተት ነው ብለው ያርሙ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ደላላው በስልክ «ፀደይ ገባ እኮ ጋሼ፣ ሰው ላምጣ?» ሲላቸው ሳያርሙት «አምጣ» አሉት።

ገዥው የመጣው በጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት ነበር። ሰማዩ ጠርቷል፤ እንጦጦ ከነዛፎቹ ቅርብ ሆኖ ይታያል። ግቢው ተጠርጓል፤ ግድግዳው ነጥቷል፤ ወይዘሮዋም ጠዋት ጀምረው ሳሎኑን በቄጤማ አስጊጠዋል። መምህሩ አዲሱን ማዕዘን ሊያሳዩ፣ የድሮውን ጉድለትም ሳይደብቁ ሊያስረዱ ደብተራቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ቆመው ጠበቁ።

ሰውየው ወደ ቤቱ አልገባም። ከበሩ እስከ ጓሮው፣ ከግራ አጥር እስከ ቀኝ አጥር በእርምጃ ለካ፤ ካርታውን ተቀብሎ ካሬ ሜትሩን አነበበ፤ መኪና የሚያስገባውን የመንገድ ስፋት ጠየቀ። መምህሩ ስለ ማዕዘኑ መናገር ሲጀምሩ በአክብሮት አቋረጣቸው።

«እሱን ተዉት ጋሼ። ቤቱ ይፈርሳል።»

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። ስለዚህ በውሉ ላይ የሚጻፈው የተሸጠው ነገር ቤቱ ነው፤ ቋሚው፣ ማገሩ፣ ጭቃውና ቆርቆሮው። ገዥው ግን የሚከፍለው ስለ ቦታው ነው፤ ቤቱ ለእርሱ የማፍረሻ ወጪ ብቻ ነው። የማይሸጠው ነገር ዋጋ አለው፤ የሚሸጠው ነገር ዋጋ የለውም። ይህ ተቃርኖ በከተማው ውስጥ በየቀኑ በፊርማና በማኅተም የሚጸና በመሆኑ ማንንም አያስገርምም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንዲገባ ስለደነገገ፣ ገዥው ይህንንም ከዋጋው ላይ አስቀድሞ አስቦታል። ያላሰበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጓሮ ደርሶ ሲመለስ በሰርቪሱ ደጃፍ ተቀምጠው ፀሐይ የሚሞቁትን ፈታይ አየ።

«እኚህ እናት ማን ናቸው?»

ደላላው ፈጥኖ ነገሩን ሊያቀለው ሞከረ፤ የቀበሌ ቤት ነው፣ ከካርታው ውጭ ነው፣ አጥር ይታጠርበታል አለ። በእርግጥም ከካርታው ውጭ ነበር። ነገር ግን ከሦስት በኩል በሌሎች ሰዎች አጥር የተከበበ ስለሆነ፣ ወደ መንገድ የሚያወጣው በመምህሩ ግቢ በኩል ያለው መተላለፊያ ብቻ ነው። ያ መተላለፊያ ደግሞ በካርታው ውስጥ ነበር።

በሽያጩ ሥራ ሁሉ ጠባብ የሆነው ቦታ ይህ ነበር። ገዥው መተላለፊያውን ዘግቶ እስከ ጥግ ድረስ ለመሥራት ፈለገ። መምህሩ ከበሩ እስከ ሰርቪሱ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው መንገድ እንዳይዘጋ በውሉ ይጻፍ አሉ። ገዥው አሰበና፣ እንዲህ ከሆነ ከዋጋው 300 ሺህ ብር እቀንሳለሁ አለ። ደላላው መምህሩን ወደ ጎን ጠርቶ፣ የሴትዮዋ ጉዳይ የወረዳው እንጂ የሻጭ እንዳልሆነ፣ ወረዳውም ሌላ ቤት ሊሰጣቸው እንደሚችል አስረዳ። «ሊሰጣቸው እንደሚችል» የሚለውን ቃል መምህሩ ደግመው አስጠሩት፤ ደላላውም ከዚያ በላይ ሊያረጋግጥ አልቻለም።

ማታውኑ ለወራሾቹ ደወሉ። እኅትየዋ፣ «ጋሼ፣ እማዬ ስትታመም ገላዋን ያጠቡላት እትዬ አይደሉም እንዴ? ደግሞ ይጠየቃል?» አለች። እርሷ ሩቅ ናት፤ ድርሻዋም ለዕለት ጉርስ የሚፈለግ አይደለም፤ ስለዚህ ቸርነቷ ቀላል ነበር ማለት ይቻላል። ታናሹ ወንድም ግን ለረዥም ጊዜ ዝም አለ። 300 ሺህ ብር ለእርሱ ቁጥር ብቻ አልነበረም፤ ስንት ሳምንት፣ ስንት ወር መሆኑን ሳይጽፍ የሚያሰላው ነገር ነው። በመጨረሻ፣

«አንተ ታላቅ ነህ፤ እንዳልክ» ብሎ ዘጋው።

ይህ ፈቃድም ነበር፣ ወቀሳም ነበር። መምህሩ ሌሊቱን ሲገላበጡ አደሩ። ጠዋት ባለቤታቸውን አማከሩና ወስነው ተነሡ፤ መንገዱ ይጻፋል፤ የሚቀነሰው ገንዘብ ግን በሙሉ ከመምህሩ ድርሻ ይቀነሳል፤ የወንድምየው ሳንቲም አይነካም። መምህሩና ባለቤታቸው ሊከራዩት ያሰቡት የጀሞ ኮንዶሚኒየም አንደኛ ፎቅ ነበር፤ በዚህ ውሳኔ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣ፤ ኪራዩ እንደ ፎቁ ከፍታ ይቀንሳልና። የወይዘሮዋን ጉልበት ያስታወሰ ሰው ይህ ውሳኔ በማን ላይ እንደ ወደቀ ይረዳል። እርሳቸው ግን፣ «መውጣት ካቃተኝ አልወርድም፤ እዚያው እቀመጣለሁ» ብለው ነገሩን ዘጉት።

ውሉ በኅዳር ወር በምስክሮች ፊት ተፈርሞ በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ተመዘገበ። መንገዱ በሰባተኛው አንቀጽ ተጽፏል። መምህሩ ቤቱን እስኪያስረክቡ ድረስ የቀራቸውን ጊዜ ያዋሉት በዕቃ ማሰር ብቻ አልነበረም። ቆጣሪው በእርሳቸው ስም ስለሆነ ሲለቁ ውሃው እንደሚቆረጥ ያውቃሉ፤ ለሰርቪሱ የብቻው ቆጣሪ እንዲገባ ከውሃ መሥሪያ ቤት ወደ ወረዳ ተመላለሱ። ሦስት ጊዜ ሄደው በአራተኛው ተሳካላቸው።

ገዥው ከጥምቀት በኋላ ማፍረስ እንደሚጀምር ቢናገርም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈታይዋ ለማዕድ ቤታቸው ሁለት ቆርቆሮ ቢያገኙ ብለው ሲጠይቁት፣ «ከየትም ያውርዱላቸው» አለ። መምህሩ አናጢውን ጠርተው መሰላል አስደገፉና ከሰሜን ምሥራቁ ማዕዘን ሁለቱን አስነቀሉ፤ ከሌላው ይልቅ እነርሱ ወፍራም ነበሩ፤ በ1983ቱ ክረምት የተለወጡ ናቸውና። ቆርቆሮዎቹ ወደ ሰርቪሱ ደጃፍ ሲደርሱ መምህሩ ዝቅ ብለው በጣታቸው አንዲት ጥቁር ነጥብ አሳዩ።

«እትዬ፣ ከጫፉ ሦስተኛዋ ሚስማር። እዚች ጋ ያፈሳል። ሲመቱት ወደ ላይኛው በኩል ያድርጉት፤ ሬንጁንም ሐምሌ ሳይገባ።»

«ከጫፉ ሦስተኛዋ» አሉ ፈታይዋ፣ እንዳይረሱት፤ ዓይናቸው ስለማያይላቸውም ቀዳዳዋን በአውራ ጣታቸው ፈልገው አገኟት።